ቂመኛው ቁርጭምጭሚት

አንድ ነጋዴ እግሩን ከወጌሻዋ እጅ መንጭቆ፣ «ሊያድኑኝ ነው ወይስ ሊያስቀሩኝ?» ብሎ ጮኸ። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል። እግሩ የሚታሽበት ቅቤ እንኳ በሰሃኑ ላይ ረግቷል።

«እኔ መች አስቀረሁህ?» አሉ ወጌሻዋ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሂድ ነው ያልኩህ። ሂድ፣ ግን ከፊት ሂድ። ምኑ ነው ያልገባህ?»

«ከፊት የሚሄደው እኮ አንካሳ ነው!»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?»

ነጋዴው እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ከጓደኞቹ ጋር በቅሎ ጭኖ ድንበር እየተሻገረ ይነግዳል። ጓደኞቹ ለመነገድ ሲሉ ይጓዙ ነበር፤ እሱ ግን ለመጓዝ ሲል የሚነግድ ይመስላል። የሰው አገር ገበያ ጫጫታ፣ ቀምሶት የማያውቀው ዓሣ፣ በእንግዳ ቋንቋ የሚሰጥ ሰላምታ ነፍሱን ያለመልማታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሕሩን ይወዳል። በደረሰበት አገር ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ማለትን ይማርና፣ ሲመለስ ጎረቤቱን ሰብስቦ በየቋንቋው ሰላም ይላቸዋል። ሰዎቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳውም በደስታ መሐል ነው። ከድንበር ማዶ ሰርግ ተጠርቶ፣ የማያውቀውን ጭፈራ ከሚዜዎቹ ጋር ሲዘል እግሩ ወለም አለው። በበቅሎ ተጭኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ተሻለው ሲባል ያገረሽበታል። ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሳል፤ ሲመሽ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

«ስማ ዘርጋው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አጥንትህ ደህና ነው። ጅማትህ ግን ቂመኛ ነው። ከቂመኛ ጋር መኖር ይቻላል። መንገድ ትለቅለታለህ፣ ቀስ ብለህ ታልፈዋለህ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነህ በአጠገቡ ስትሮጥ ነው የሚይዝህ።»

«ከፊት ግን አልሄድም።»

«የሰደቡት ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ» አሉና ሰሃናቸውን ይዘው ተነሡ።

ዘርጋው ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶታል። በዚያ አገር ነጋዴዎች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ ነበረ። ከጓዙ ሁሉ ፊት አንዲት ቃጭል ያሰረች በቅሎ ትሄዳለች። ልጓሟን የሚይዘው በዚያ ጉዞ ላይ ከሁሉ ይበልጥ መራመድ የሚከብደው ሰው ነው። ሌላው የቃጭሏን ድምፅ እየሰማ ይከተላል እንጂ ማንም አይቀድማትም። እንዲህ ሲሆን ደካማው ወደ ኋላ አይቀርም። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ደጀን የሚባሉ ሁለት ብርቱ ሰዎች ይሄዳሉ። «ሙሉ ነን ወይ?» የሚለው ጥሪ ከፊት ተነስቶ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ሲደርሳቸው፣ የቀረ ሰው አለመኖሩን አይተው «ሙሉ ነን!» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ሳይሰማ ቃጭሏ አትንቀሳቀስም።

የቃጭሏን በቅሎ ለብዙ ዓመት የሳቡት አባ ስንሻው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። እና ዘርጋው፣ እግሩ ደህና በነበረበት ዘመን፣ በወደቡ ከተማ ገበያ መሐል ቆሞ በእሳቸው ቀልዶባቸዋል። «እኛ ወደ ባሕሩ ከምንመጣ ባሕሩ ተነስቶ ወደ እኛ ቢመጣ ይሻላል፤ ከአባ ስንሻው ይቀድማል!» ብሎ ነበር። የአገሩም የባዕዱም ነጋዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ጣመውና ጨመረ። «መቼ እንደርሳለን ብትሏቸው ‹ነገ› ነው መልሳቸው። ነገም ቢሆን ‹ነገ› ነው። አባ ነገ!»

ስሙ እንደ ጭቃ ተለጠፈባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ሽማግሌው ያን ዕለት የበቅሎዋን ጆሮ አሻሹ። ከዚያ ወዲህም ከዘርጋው ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

አሁን በዚያ ልጓም ላይ እጁን ቢያሳርፍ ሰው ምን ይላል? «አባ ነገ ልጅ ወለዱ» ይላላ! ዘርጋው ይህን ሲያስብ ጆሮው ድረስ ጋለ። ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠፍንጎ ከሱሪው ስር ደበቀና የነጋዴዎቹ አለቃ ወደሆኑት ወደ ነጋድራስ ቢሻው ሄደ።

«እግርህ እንዴት ሆነልህ?» አሉት።

«እንደ ሚዳቋ ሆኗል! እንዲያውም ደጀን ያድርጉኝ።»

ነጋድራስ ደስ አላቸው። ብርቱ ሰው ቸግሯቸው ነበር። ዘርጋውም ደስ አለው። ከደጀን በኋላ የሚሄድ ስለሌለ አረማመዱን የሚያይበት ሰው አይኖርም።

ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደጀን የሚሆኑት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው እንድሪስ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ያለችው ዳልቻ የምትባል አንዲት በቅሎ ናት፤ እንደ ሰው ያወራታል። መንገዱ ሜዳ በነበረበት ጊዜ እንድሪስ ምንም አላለም። ድንበሩ ላይ ካለችው መንደር ሲደርሱ ግን ዘርጋው አሮጊቶቹን በቋንቋቸው ሰላም ሊል፣ አዲስ ፍሬ ሊቀምስ፣ በየደጁ እየዞረ ሲስቅ ዋለና፣ ሲመለስ አንድ እግሩን ብቻ እየረገጠ መጣ። እንድሪስ ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ ዘርጋው፣ እግርህ ምን ሆኗል?»

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው።»

በማግስቱ ቁልቁለቱ ተጀመረ። በዚያ ገደል ላይ በቅሎ የሚሸከመው ጭነቱን ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ይወርዳል። ዘርጋው በረገጠ ቁጥር አንድ የጋለ ምስማር ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ የሚገባ መሰለው። ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ የቃጭሏን ድምፅ እየተከተለ ወረደ። ቅጭል፣ ቅጭል። ድምፁ በየመታጠፊያው ይርቃል፤ እሱ ደግሞ ይጣደፋል።

«ከትናንት ጀምሮ አልወጣም ያለው ምን ዓይነት ጠጠር ነው?» አለ እንድሪስ።

«ዝም ብለህ በቅሎህን ንዳ።»

«ለነጋድራስ ልንገርልህ። የቃጭሏን ልጓም ብትይዝ እኮ...»

ዘርጋው ዞሮ ክንዱን ያዘው። «ብትናገር ወንድሜ አይደለህም! ባሕሩ እኮ ቀርቧል፣ ነፋሱ ጨው ጨው አላለህም? ከዚህ ከመለሱኝ ዳግመኛ አላየውም። አንካሳ ነው ይሉኝና ከቤት ቁጭ ብዬ የሰው ወሬ ስሰማ እሞታለሁ። ይገባሃል?»

እንድሪስ ክንዱን አላቀቀ። «ቢገባኝም አልወደድኩትም» አለና ዳልቻን፣ «ነይ እናቴ፣ ነይ» እያለ ወረደ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ። አሸዋ ብቻ ነው። ነጋድራስ ቢሻው ዳር ላይ ቆመው ሁሉንም አስጠነቀቁ። «እዚህ ሰማዩ ጠራ ብላችሁ አትታለሉ። ደጋ ላይ ከዘነበ ደራሽ ውኃ ሳይታሰብ ይመጣል። ማንም መሐል ላይ እንዳይቆም። ሰው የተቸገረ እንደሆነ ደጀን ይጥራ!»

ቃጭሏ ቀድማ አሸዋው ውስጥ ገባች። ሌላው ተከተለ። አሸዋ ለታመመ ቁርጭምጭሚት ከድንጋይ ይብሳል፤ ረገጥኩ ሲሉ ይከዳል። ዘርጋው ወንዙን ሊያጋምስ ሲል እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አንዳች ነገር ቀጭ አለ። በጉልበቱ ወደቀ፤ ሊነሳ ሞከረና እንደገና ወደቀ።

ከፊት የነበሩት ማዶውን ዳገት ጀምረዋል። ጥሪው ተነሣ። «ሙሉ ነን ወይ?» አንዱ ለሌላው እያቀበለ፣ እየቀረበ መጣ። «ሙሉ ነን ወይ? ሙሉ ነን ወይ?»

እንድሪስ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዘርጋው ካለበት ሆኖ የእንድሪስን እግር ጨመደደ። «ተው! አሁን እነሣለሁ። በእናትህ፣ ተው!» አለና ባለው ድምፅ ሁሉ ጮኸ።

«ሙሉ ነን!»

ከማዶ ቃጭሏ እንደገና ተንቀሳቀሰች። ቅጭል፣ ቅጭል። ጓዙ ከዳገቱ በላይ እየተሰወረ ሄደ። ድምፁም እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ነፋስ ነው?» አለ ዘርጋው።

እንድሪስ በወንዙ መሐል ጉብታ ላይ የበቀለችውን ግራር ተመለከተ። «ቅጠሉ አይንቀሳቀስም» አለ።

«ሩጥ! አንተ ትደርሳለህ። ዳልቻን ይዘህ ሩጥ!»

«ሙሉ ነን ብለሃል እኮ» አለ እንድሪስ። «ጥዬህ ብሄድ ውሸታሙ እኔ ልሆን ነው።»

ዘርጋውን በብብቱ ይዞ እየጎተተ ወደ ጉብታው አወጣው። ዳልቻን በልጓሟ ሊስባት ተመለሰ። በቅሎዋ ግን የሚመጣውን ሰምታ ቆማ ቀርታለች፤ አራት እግሯን አሸዋው ውስጥ ተክላ አልንቀሳቀስም አለች። ውኃው ቡናማ ግንብ መስሎ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። እንድሪስ ልጓሙን ለቀቀና ወደ ግራሯ ዘለለ። ዞር ሲል ዳልቻ አልነበረችም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ጠራ። ከዚያ ዛፉን አቀፈ።

ውኃው ጉብታውን ከበበ። ቀስ እያለም ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ የጉብታውን ሣር ሸፈነ፣ ቀጥሎ እግራቸውን ነካ። ዘርጋው በገበያው መሐል ያወጣው ቀልድ ትዝ አለው። ባሕሩ ተነስቶ ወደ እኛ ቢመጣ ይሻላል ብሎ ነበር። ይኸው፣ ውኃው ተነስቶ መጣለት።

«ጥራቸው!» አለ እንድሪስ። ሁለቱም ጮኹ። ጩኸታቸውን ጎርፉ ዋጠው። ዘርጋው ጆሮውን አቀና። ቃጭሏን ፈለገ። የለችም። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ድምፅ ምን እንደነበረ ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረው የዘገምተኛ ሽማግሌ ድምፅ አልነበረም፤ እንዳይቀር የሚጠብቀው ሰው ድምፅ ነበር።

ውኃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ፣ ከጎርፉ ጩኸት በላይ አንዲት ቀጭን ነገር ተሰማች። ቅጭል።

በዳገቱ አናት ላይ በቅሎዋ ታየች። ከጎኗም አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በዱላቸው ቁልቁል የሚወርዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው ሁሉ እየሮጠ ተከተላቸው። መጫኛቸውን ከየበቅሎው ፈትተው ጫፍና ጫፉን ቀጣጠሉት፣ ድንጋይም አስረው ወረወሩ። አልደረሰም። ደግመው ወረወሩ፣ ውኃው ወሰደው። እንደገና ሲወረውሩ ገመዱ ግራሯ ላይ ተጠመጠመ። እንድሪስ ጫፉን መጀመሪያ በዘርጋው ወገብ ላይ አሰረው። ሁለቱም እንደ ረጠበ ጆንያ እየተጎተቱ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ነጋድራስ ቢሻው በዳገቱ አናት ባለች መንደር ሰዉን ሁሉ ሰበሰቡ።

«‹ሙሉ ነን› ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው።

«የቀረውስ ሰው ማን ነበር?»

«እኔው ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና ሳቁን አፈነው።

«የቀረ ሰው እንዲጠብቅ ያቆምነው ሰው ራሱ ቀሪ ሆኖ ‹ሙሉ ነን› ይበል?» አሉ ነጋድራስ። «እኔ እኮ አምኜህ ዳገቱን ወጥቼ ነበር! ድምፁ ከሩቅ መጣ፣ ደጀን እንዲህ አይርቅም ብለው በቅሎዋን የመለሱት አባ ነ...» ስሙን ሳይጨርሱት አፈሩ። «...እሳቸው ናቸው። ሕጉን ታውቃለህ። ደጀን ሆኖ የዋሸ ከጉዞው ይለያል። እዚህ መንደር ተቀምጠህ መመለሻችንን ትጠብቃለህ።»

ባሕሩ ከፊታቸው ካለው ኮረብታ ጀርባ ነበር። ነፋሱ ሽታውን ያመጣዋል። ዘርጋው አልተከራከረም። አስቀድሞ ከጓዙ ጋር ቀድማ ወንዙን የተሻገረችውን የራሱን በቅሎ ልጓም ወስዶ ለእንድሪስ ሰጠው።

«ዳልቻን አትተካልህም» አለው።

«አትተካትም» አለ እንድሪስ። ግን ተቀበለው።

ቀጥሎ ዘርጋው ሱሪውን ሰበሰበ፣ ጨርቁንም ፈታ። ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሮና አብጦ ሁሉም አየው። እያነከሰ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ቃጭሏ ወዳለችበት ሄደ።

«አባ ስንሻው» አለ።

ብዙዎች ስሙን ከሰሙ ዘመን ስለሆናቸው ማን እንደተጠራ ለማየት ዞሩ።

«እግሬ ወለም ያለው በሰርግ ቤት ነው። አፌ ግን ከዚያ አስቀድሞ በገበያ መሐል ወለም ብሎ ነበር። እግሬን በቅቤ አሽተውልኛል። ያኛው በምን እንደሚታሽ አላውቅም። እርስዎ የቆሙበትን ቦታ የውርደት ቦታ አድርጌው ኖርኩና፣ በተራዬ ልቆምበት ሲገባኝ አፈርኩ። ለዚያ ሐፍረት ብዬ ሰው ላስገድል ነበር። ባሕሩን ባላይም ግድ የለም። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ፊቱን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አወረዱና እዚያው ላይ ቆዩ። ነጋድራስ ሽማግሌው ምን እንደሚፈርዱ ለመስማት ጠጋ አሉ።

አባ ስንሻው በእጃቸው አንጓ ላይ የተጠመጠመውን የቃጭሏን ልጓም ፈቱ። የዘርጋውን እጅ ዘረጉና ልጓሙን መዳፉ ላይ አኖሩ፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፉለት። በቅሎዋን ጆሮዋን አሻሹ። ዱላቸውን አነሡና የማይታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በነጋዴዎቹ ሁሉ ፊት አልፈው፣ ወደ ሰልፉ መሐል፣ ወደ አቧራው ሄዱ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ነጋድራስም ይህን አይተው ፍርዳቸውን አነሡለት። ዘርጋው ያን ዕለት ባሕሩን አየ፤ ከዚያም በኋላ በዚያው በማይድን ቁርጭምጭሚቱ፣ ቃጭሏን እየሳበ፣ በደህና እግሩ ያላየውን ብዙ አገር አየ። የታመመ እግር ሩቅ ያደርሳል። የማያደርሰው የተደበቀ ሕመም ነው፤ የደበቅነውን ሕመም ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍልልን አጠገባችን ያለ ሰው ነው። በሌላው ድካም ላይ የምናወጣው ስምም አንድ ቀን ለራሳችን ያስፈልገናል፤ ይቅርታ ተጠይቆበት እንኳ መልስ ላይገኝለት ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ «ሙሉ ነን ወይ?» የሚለው ጥሪ ከአፍ ወደ አፍ ተቀባብሎ አንተ ዘንድ ቢደርስ፣ ምን ብለህ ትመልሳለህ?